ማወቅ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ፦ የስኳር ሕመምተኛው፣ ቤተሰቡና ረመዷን

(በሬድዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ስለ ጤና ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሐኪሙን፣ መድኃኒቱንና ሆስፒታሉን ነው። ነገር ግን የስኳር ሕመም ያለበት አንድ አባት በዓመት ውስጥ ሐኪሙ ፊት የሚቀመጠው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ሁሉ ሐኪሙ እርሱ ራሱ ነው፤ አስታማሚዎቹም ባለቤቱና ልጆቹ ናቸው። ምን እንደሚበላ፣ ኪኒኑን መቼ እንደሚውጥ፣ እግሩ ላይ ቁስል መኖር አለመኖሩን ማየቱ፣ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው ቤት ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ ይህንን ራስን መንከባከብ ይሉታል።

ሪግል፣ ያርስማና ስትሮምበርግ የተባሉ ሦስት የነርስነት ሙያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ ረጅም ሕመም ያለበት ሰው ራሱን የሚንከባከብበትን መንገድ በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ጤናን መጠበቅ ነው፤ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድና አመጋገብን ማስተካከል ማለት ነው። ሁለተኛው መከታተል ነው፤ በሰውነት ላይ የሚታየውን ለውጥ ልብ ማለት ማለት ነው። ሦስተኛው ለውጥ ሲታይ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ ነው። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ አይቆሙም። ስኳሩን እየለካ ቁጥሩ ሲወርድ ዝም የሚል ሰው ለካ እንጂ ራሱን አልተንከባከበም።

እንዲህ ከሆነ ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ለሕመምተኛው ማስተማር፣ ከዚያም እርሱ መፈጸም። ሆኖም ነገሩ እንዲህ አይሄድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ረጅም ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ሕክምናቸውን እንደታዘዘው የሚከታተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። እኛም በየቤታችን የምናየው ነው። ስኳር እንዳለበት ያውቃል፤ ሻይ ሲቀርብለት ግን ሦስት ማንኪያ ስኳር ያስጨምራል። መድኃኒቱ ትራሱ ሥር ነው፤ ሳይውጠው ይነጋል። እኛ ደግሞ ፍርድ ለመስጠት እንፈጥናለን፤ «ስንፍና ነው» እንላለን፤ «ለራሱ ግድ የለውም» እንላለን። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

ከብዙ ወጥ ውስጥ ቅመሙን መለየት

አድማጮቻችን! በዓለም ላይ ሕመምተኞች ራሳቸውን እንዲንከባከቡ ለመርዳት እጅግ ብዙ ጥናቶች ተካሂደዋል። አንዱ ጥናት «ትምህርት ሰጠን፣ ጠቀመ» ይላል፤ ሌላው «ትምህርት ሰጠን፣ አልጠቀመም» ይላል። የየትኛውን እንያዝ? ተመራማሪዎች ለዚህ ያበጁት ዘዴ ጥናቶቹን ሰብስቦ፣ ውጤታቸውን መዝኖ መደመር ነው።

መደመሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ምሳሌ እንስጥ። አሥር ቤት ሄደን አሥር ዶሮ ወጥ ቀመስን እንበል። አራቱ ጣፍጧል፤ ስድስቱ አልጣፈጠም። «በአማካይ ዶሮ ወጥ መጠነኛ ጣዕም አለው» ብንል ለምግብ ሠሪዋ ምን ይጠቅማታል? እርሷ ማወቅ የምትፈልገው የጣፈጠው በምን እንደጣፈጠ ነው፤ ሽንኩርቱ በደንብ በመቁላላቱ ነው? በቅቤው ነው? ወይስ በበርበሬው? ይህንን ለመለየት በየቤቱ የገባውን ቅመም ሁሉ በአንድ ዓይነት ስም መመዝገብ ያስፈልጋል። አንዷ «ቅመም ጨመርኩ» ብላ ብቻ ካለፈች ማነጻጸር አይቻልም።

በጤና ጥናትም ችግሩ ይኸው ነበር። አንዱ «ምክር»፣ ሌላው «ትምህርት»፣ ሦስተኛው «ድጋፍ» ብሎ ይጽፋል፤ በውስጡ ያለው ግን አይታወቅም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ሱዛን ሚቺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የሰውን ጠባይ ለመለወጥ የሚያገለግሉ 93 ዘዴዎችን ለይተው፣ ለእያንዳንዱ ስምና ትርጉም ሰጥተው፣ በ16 ክፍል መደቧቸው። ግብ ማስቀመጥ አንዱ ነው፤ ራስን መዝግቦ መከታተል ሌላው ነው፤ ከቤተሰብና ከወዳጅ የሚገኝ ድጋፍም ሌላው ነው። በዚህ መንገድ በልዩ ልዩ አገር የተሠራው ጥናት በአንድ ቋንቋ መነጋገር ጀመረ።

ሦስቱ ጉልቻዎች

ቅመሙን ከመለየት በፊት ግን ምድጃው መታወቅ አለበት። እነዚሁ ምሁር ከቫን ስትራለንና ከዌስት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ቀደም ሲል የነበሩ 19 ማዕቀፎችን መርምረው አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረቡ። አንድ ሰው አንድን ነገር እንዲያደርግ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ችሎታ፣ ምቹ ሁኔታና ተነሳሽነት። ድስት በሁለት ጉልቻ እንደማይቆም ሁሉ፣ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥራው አይሠራም።

እስቲ ሻዩን ስኳር የሚያበዛውን አባት በዚህ እንመልከተው። ችሎታ ስንል እውቀትም አቅምም ማለታችን ነው፤ ምናልባት ስኳር ጎጂ መሆኑን ሰምቷል፤ ዳቦው፣ ማሩና ጭማቂውም ስኳሩን ከፍ እንደሚያደርጉት ግን የነገረው የለም። ምቹ ሁኔታ ስንል በዙሪያው ያለውን ማለታችን ነው፤ ጀበናው ሲቀርብ ስኳሩ አብሮ ይቀርባል፤ እንግዳ ሆኖ ሲሄድ «ያለ ስኳር አልጠጣም» ማለት ያሳፍረዋል፤ የደም ስኳር መለኪያው ቢኖረውም የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋ ከኪሱ በላይ ነው። ተነሳሽነት ደግሞ ፍላጎትና ልማድ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ እጁ ወደ ስኳሩ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ሳያስበው ይዘረጋል።

እንግዲህ ይህ ሰው የጎደለው ምቹ ሁኔታ ሆኖ ሳለ እኛ በየቀኑ ተግሣጽ ብንሰጠው ምን እናተርፋለን? ያልጎደለውን እየሞላን የጎደለውን ትተናል። «ስንፍና ነው» ያልነው ነገር አንዳንድ ጊዜ የገንዘብ እጥረት፣ አንዳንድ ጊዜ እፍረት፣ አንዳንድ ጊዜም እኛው ራሳችን ያቀረብንለት ሰሃን ነው።

ጥናቶቹ ተደምረው ምን አሉ?

አንደኛ፤ ትምህርት ይጠቅማል፤ ግን ይደክማል። ኖሪስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች ትምህርት የተሰጠባቸውን 31 ጥናቶች ደምረው ነበር። የሁለትና የሦስት ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ትምህርቱ እንዳበቃ በ0.76 ከመቶ ነጥብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ሲታይ ግን የቀረው ልዩነት 0.26 ብቻ ነበር። ትምህርቱ እንደ ዝናብ ነው፤ ሲቆም መሬቱ መድረቅ ይጀምራል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ተነግሮታል» ማለት በቂ አይደለም።

ሁለተኛ፤ መዝግቦ መከታተል ከሌላው ጋር ሲጣመር ይሠራል። ሚቺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ጤናማ አመጋገብና ስለ አካል እንቅስቃሴ የተደረጉ 122 ሙከራዎችን በየቅመማቸው ለይተው መዘኑ። ሰዎች የሚያደርጉትን ራሳቸው እየመዘገቡ፣ በዚያ ላይ ቁርጥ ያለ ግብ ያወጡበት፣ ወይም ግባቸውን መልሰው የመረመሩበት፣ ወይም ውጤታቸው የተነገራቸው ሙከራ ከሌሎቹ የበለጠ ፍሬ ሰጠ። ራስን መተሳሰብ፣ ሙሐሰባ የምንለው፣ ለሙእሚን እንግዳ ነገር አይደለም። በኢባዳው ነፍሱን የሚተሳሰብ ሰው በአካሉም አማና ላይ ቢተሳሰብ ምን ይከብደዋል?

ሦስተኛ፤ ኒያ ጊዜና ቦታ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ተፈልጎ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ምንም ልዩ ነገር አልተደረገለትም። ሁለተኛው ስለ ልብ ሕመም የሚያነሳሳ ጽሑፍ ተሰጠው። ሦስተኛው ጽሑፉን ካነበበ በኋላ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚያደርገው ቁርጡን እንዲጽፍ ተደረገ። በሁለቱ ቡድኖች ያደረጉት ከመቶ 40 እንኳ አልሞሉም፤ በሦስተኛው ቡድን ግን ከመቶ 91 ሆኑ። ጎልዊትዘርና ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዲህ ዓይነት 94 ጥናቶችን ደምረው «ይህ ሲሆን ይህንን አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን ዓላማን ለማሳካት በእርግጥ እንደሚረዳ አረጋግጠዋል። «ኪኒኔን እወስዳለሁ» ከማለት «የመግሪብን ሰላት ሰግጄ እራት ስቀመጥ እወስዳለሁ» ማለት ይበልጣል። በቀን አምስት ወቅት ለሚሰግድ ቤተሰብ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ የት ይገኛል?

አራተኛ፤ ልማድ ቀናት ይፈጃል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ 96 በጎ ፈቃደኞችን ተከታትለው ነበር። አዲስ ነገር ያለ ትግል የሚደረግ ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ አገኙት፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ገመቱ። አንድ ቀን መሳት ደግሞ የተጀመረውን እንዳላፈረሰ አስተውለዋል። አላህ ዘንድ እጅግ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ዛሬ አንድ ኪሎ ሜትር ሮጦ ነገ ከሚተወው ይልቅ በየቀኑ ወደ መስጂድ በእግሩ የሚሄደው ይጠቀማል።

ነገሩ ሕይወት የሚሆንበት ወር

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! ይህ ሁሉ ሐሳብ የሚፈተነው በረመዷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩባቸው 13 አገሮች 12,243 የስኳር ሕመምተኞች የተጠየቁበት አንድ ሰፊ ጥናት ነበር። ከሁለተኛው ዓይነት ሕመምተኞች ከመቶ 79ኙ፣ ኢንሱሊን የግድ ከሚያስፈልጋቸው ከአንደኛው ዓይነት ሕመምተኞችም ከመቶ 43ቱ ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር መውረድ በሁለተኛው ዓይነት 7.5 እጥፍ፣ በአንደኛው ዓይነት 4.7 እጥፍ ጨመረ።

ይህ ቁጥር የሚነግረን ሰዎቹ ለዲናቸው ያላቸውን ፍቅር ነው፤ ተነሳሽነታቸው ሙሉ ነበር። የጎደለው ሌላ ነው። ለእነርሱ «ጾም ጎጂ ነው» ብሎ መስበክም፣ «በአላህ ተመክተህ ጹም» ብሎ መሸኘትም አይጠቅማቸውም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ጥናት ለንደን ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ከ111 ሙስሊም የስኳር ሕመምተኞች 57ቱ ከረመዷን በፊት ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ስኳር መለካት ትምህርት ተከታተሉ፤ 54ቱ አልተከታተሉም። በተማሩት ዘንድ የስኳር መውረድ ከ9 ጊዜ ወደ 5 ወረደ፤ ባልተማሩት ዘንድ ከ9 ወደ 36 ወጣ። የተማሩት ክብደት ሲቀንሱ ያልተማሩት ጨመሩ። በእርግጥ ወደ ትምህርቱ የመጡት ከመጀመሪያውም ለጤናቸው የሚተጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ ጥናት ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሆኖም ትምህርቱ ከላይ የዘረዘርናቸውን ቅመሞች የያዘ ነበር፤ ከሌሎቹ ጥናቶች ጋር ሲደመር መንገዱን ያሳያል።

ሸሪዓችን ምን ይላል? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ጾምን ሲደነግግ የታመመውን አልረሳም፤ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። መዳኑ ተስፋ የማይደረግና መጾም የማይችል ሰው ለእያንዳንዱ ቀን ሚስኪን በማብላት ፊድያ እንደሚያወጣ ዑለሞች አብራርተዋል። አላህ የሰጠው ሩኽሷ ሥራ ላይ ሲውል እንደሚወድም በሐዲስ ተዘግቧል። እንግዲያውስ ሐኪሙ «አትጹሚ» ያላት እናት ኢባዳዋን አልተወችም፤ በሌላው በር ገባች እንጂ። «ሰው ምን ይላል?» ብላ ከጾመች ግን ጾሙ ለማን ሆነ? ይህንን እፍረት ከላይዋ ላይ የምናነሳላት እኛ ቤተሰቦቿ ነን።

በአንጻሩ የስኳር ሕመም ያለበት ሁሉ አይጹም ማለትም አይደለም። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከረመዷንና የስኳር ሕመም ጥምረት ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውና በ2021 ያደሰው መመሪያ ሕመምተኞችን እንደ አደጋቸው መጠን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብሎ ይከፍላቸዋል። የሚጾመውንና የማይጾመውን የሚለየው የሐኪሙ ምርመራ ነው።

ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

1. ከረጀብ ይጀመር። መመሪያው ሕመምተኛው ከረመዷን በፊት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ ይመክራል። ረጀብና ሻዕባን ተደምረው 59 ቀን ያህል ናቸው፤ ልማድ ለመትከል ከሚያስፈልገው መካከለኛ ጊዜ ብዙም አይርቁም። የሻይ ስኳር መቀነስ፣ የምግብ መጠን ማስተካከልና መመዝገብ በረመዷን ዋዜማ ሳይሆን በእነዚህ ወራት ይለመዱ።

2. መድኃኒቱን ራሳችሁ አትለውጡ። ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ኪኒኖች በጾም ጊዜ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ይህ አደጋው ዝቅተኛ ነው። የሱሑሩና የኢፍጧሩ መጠን ምን ይሁን የሚለውን ሐኪሙ ይወስን።

3. የሚታሰርበትን ቋጠሮ አስቀድማችሁ ቋጥሩ። ቁርጥ ያለው ቃል ይህ ይሁን፦ «ስኳሬ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ፣ ወይም ካላበኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩና ከተምታታብኝ፣ መግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረው እንኳ ወዲያውኑ አፈጥራለሁ።» ይህ ቃል በጽሑፍ ሆኖ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። በዚያች ሰዓት የሚያዞረው ሰው አመዛዝኖ ሊወስን አይችልምና ውሳኔው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከጣት የምትወሰድ ጠብታ ደም ጾም እንደማታፈርስም ዑለሞች ገልጸዋልና ለመለካት አትፍሩ።

4. አንድ ደብተር ይኑር። የተለካው ቁጥር፣ የተወሰደው መድኃኒትና የተበላው ይጻፍበት። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናትና አባት ልጆች ይጻፉላቸው። ለኢድ ልብስ የምናወጣ ልጆች ለአባታችን የመለኪያ ስትሪፕ ብናዋጣ ይህም ሶደቃ ነው።

5. ማዕዱ ለሁሉም አንድ ይሁን። ሕመምተኛውን ብቻውን ለይቶ «ያንተ ይኸው» ማለት ልብ ይሰብራል። ኢፍጧር በተምርና በውኃ ከተጀመረ በኋላ ሳምቡሳውና ጣፋጩ ለቤቱ ሁሉ ይቀነስ፤ ሾርባው፣ ጎመኑና ምስሩ ይብዛ። የተምሩም ቁጥር ይወሰን። ሱሑር እንዳይዘለል፣ ለንጋት ቀርቦም እንዲበላ ይደረግ። ምቹ ሁኔታ የምንለው ይህ ነው፤ ቁልፉም በምግብ አብሳዮቹ እጅ ነው።

6. ሸዋል ሲገባ አትበተኑ። ትምህርት እንደሚደክም አይተናል። ከኢድ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሱ፤ መድኃኒቱም ወደ ቀድሞው ሥርዓት ይመለስ። አንድ ቀን ቢሳትም «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብላችሁ አትተዉ፤ በማግስቱ ቀጥሉ።

በመጨረሻም

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተወኩል ማነስ አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስረህ ተመካ ማለታቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል። መለካቱ፣ መመዝገቡና አስቀድሞ መወሰኑ ገመዱ ነው፤ ሺፋው ግን ከአላህ ነው። አካላችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው፤ ስለ እርሱም እንጠየቃለን።

ስለዚህ አድማጮቻችን! ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ለታመመው ወገናችሁ ከተግሣጽ በፊት አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፤ «አባባ፣ የሚከብድህ የቱ ላይ ነው?» በሉት። አለማወቁ ከሆነ አስረዱት፤ እጥረት ከሆነ አዋጡለት፤ እፍረት ከሆነ አብራችሁት ቁሙ፤ ልማድ ከሆነ ታገሱት። መልሱን ሳይሰሙ መድኃኒት ማዘዝ ለሐኪምም አይፈቀድም፤ ለልጅማ እንዴት ይፈቀዳል?

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ሺፋ ይስጥልን፤ አስታማሚዎቻቸውን በሰብራቸው አጅር ይክፈላቸው፤ ረመዷንን በጤናና በኢማን ያድርሰን። ኣሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።